ዎርፍ ላይ ኤሮሶል ጨምሬ ዝናቡ ምንም አልተቀየረም፣ አቧራና ጭስ እውነት ዝናብ ላይ ለውጥ ያመጣሉ?

የጣና_ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እዚህ ቤት ዎርፍ (የአየር ጠባይ ማስያ የኮምፒውተር ሞዴሉን) ራን ምታረጉ ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ምጽፈው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

የማስተርስ ጥናቴ የክረምት ዝናብ ላይ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሰሜን ምዕራቡ ክፍል። ውጪኛው ዶሜይን (ሞዴሉ ሚያሰላው ሳጥን) ነጥቡ በየ27 ኪሎሜትር ውስጠኛው በየ9 ኪሎሜትር ነው፣ ከዛ በታች ልውረድ ብል ያለኝ ማሽን አይችልም። ሞዴሉ ጮቄና ጉና ላይ ሲደርስ ዝናቡን ዝም ብሎ ይለቀዋል፣ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ ደግሞ ይሰስታል፣ ከጣቢያ ዳታ ጋር ሳስተያየው ያስጠላል። አማካሪዬ ካርታውን አየና "ኤሮሶሉንስ ምን አረግሽው?" አለኝ፣ አየር ላይ ሚንሳፈፈውን ብናኝ ማለቱ ነው። እስከዛ ድረስ ምጠቀመው ቶምፕሰን 8 ቁጥር ሚባለውን የዳመና ስሌት (ማይክሮፊዚክስ) ነበር፣ እሱ ላይ ደግሞ ኤሮሶል ሚባል ማስገቢያ የለም።

እሺ ብዬ ወደ 28 ቀየርኩት፣ ኤሮሶል አዌር ሚሉት ቶምፕሰን ማለት ነው፣ ሌላውን ሳልነካ ደግሜ ራን አረኩት፣ ማሽኑ ሲያጓራ ከረመና ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን ባስቀምጥ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ ትንሽ ጨምሯል አጠገቡ ቀንሷል፣ በቃ።

ግራ ያጋባኝ ነገር፣ አንዱ ወረቀት ብናኝ ሲበዛ ዝናብ ይታፈናል ይላል፣ ሌላው ብናኝ ሲበዛ ነጎድጓዱ ይብሳል ይላል፣ ሦስተኛው ድምር ውጤቱ ምንም ነው ይላል። የኔ ሞዴል ሦስተኛው ጋ ነው ያለው ልበል ወይስ የሆነ ቦታ ያልተገናኘ ሽቦ አለ? ደግሞስ እኛ ሀገር ላይ ይሄ ነገር ያን ያህል ያስጨንቃል? ከአፋር በኩል አቧራ አለ፣ ከምዕራብ በኩል ሰደድ እሳት አለ፣ ከተማው ደግሞ ማገዶ ያጨሳል፣ እነዚህ ሁሉ የት ነው ሚገቡት?


ዳመና_ቆጣሪ፦

ሰላም እህቴ። ኤሮሶሉ ጋ ሳንደርስ አውትፑት ፋይልሽን ክፈቺ። ዎርፍ ዝናቡን ሁለት ቦታ ከፍሎ ነው ሚያስቀምጠው፣ አንዱ ሬይንሲ ሌላው ሬይንኤንሲ። ሬይንሲ የኩሙለስ ስኪሙ (ከነጥቦቹ ርቀት ያነሱ ነጎድጓዶችን በግምት ሚተካው ክፍል) የጣለው ነው፣ ሬይንኤንሲ የማይክሮፊዚክሱ። ካርታ ሲሰራ ሁለቱ ስለሚደመሩ አይታይም እንጂ 8ን በ28 ስትቀይሪ የነካሽው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ኩሙለስ ስኪምሽ ካይን ፍሪሽ ወይ ቤትስ ሚለር ከሆነ ብናኝ ሚባል ነገር አያውቅም፣ አየሩ አቧራ ሞላው ጭስ ሞላው ለሱ ያው ነው፣ ከታች ሞቆ ከላይ ቀዝቅዞ አልረጋ ካለ ያገላብጠዋል፣ ዝናብ ይጥላል፣ ሄደ። በ27 ኪሎሜትር ደግሞ የክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አብዛኛው በዚህ በር ነው ሚገባው። ስለዚህ ሽቦው ተቆርጦ አይደለም፣ ኤሮሶሉን ያስገባሽው ዝናቡ በማያልፍበት ክፍል ነው። ሬይንሲን ለጠቅላላው አካፍዪና ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ንገሪን፣ እኔ ከፍተኛ ነው ብዬ እወራረዳለሁ።

ግሬል ፍሬይታስ ሚባለው ኩሙለስ ስኪም ለኤሮሶል የሚሆን መንገድ ተሰርቶለታል፣ ግን እኔ ብሆን ለቴሲስ እዛ ውስጥ አልገባም፣ ይልቅ ኩሙለሱን አጥፍቼ ዳመናውን ራሱን ሞዴሉ እንዲሰራው አረግ ነበር። ለዛ 3 ኪሎሜትር አካባቢ መውረድ ያስፈልጋል። ያው ያንኑ ስፋት ከ9 ወደ 3 ስታወርጂ ነጥቡ 9 እጥፍ ይሆናል፣ ታይምስቴፑ (የስሌቱ የጊዜ እርምጃ) ደግሞ በሦስት ይከፈላል፣ በጠቅላላው 27 እጥፍ ስራ ነው። ሙሉ ክረምት አትሞክሪ፣ ጮቄን መሃል ያረገ ትንሽ ሳጥን ያዢና ጥቂት ጥሩ ጥሩ ቀን ምረጪ።

አሁን ፊዚክሱ። የውሃ ትነት ያለ ብናኝ ብቻውን ጠብታ ልሁን ቢል የአየሩ እርጥበት ብዙ መቶ ፐርሰንት መድረስ አለበት፣ እውነተኛ ዳመና ውስጥ ግን ከ101 ፐርሰንት ሚያልፈው ስንት ጊዜ ነው? እምብዛም። ስለዚህ እያንዳንዱ የዳመና ጠብታ መሃሉ ላይ ጨው ወይ ሰልፌት ወይ የጭስ ቅንጣት ይዞ ነው ሚጀምረው። ባህር ላይ ንጹህ አየር በአንድ ኩብ ሴንቲሜትር ለጠብታ ሚሆን ከበርካታ አስር እስከ መቶ ምናምን ብናኝ ይኖረዋል፣ የተበከለ የየብስ አየር ደግሞ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴ ሺዎች። ውሃው ያው ስለሆነ አንድ ዳቦ ለአምስት ልጅና ለአርባ ልጅ እንደመቁረስ ነው፣ ተካፋዩ 8 እጥፍ ሲሆን የጠብታው ራዲየስ በግማሽ ይወርዳል። ራዲየሱ 10 ማይክሮን የሆነ ጠብታ በሰከንድ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው ሚወርደው፣ ተንሳፎ ቀረ ማለት ነው። አንድ የዝናብ ጠብታ ለመሙላት ደግሞ ሚሊዮን ያህል የዳመና ጠብታ መጋጨትና መዋሃድ አለበት። ሁሉም ትንንሽና እኩል ከሆኑ አይጋጩም፣ ዳመናው ነጭ ሆኖ ያበራል ግን አያዘንብም። ቱሚ በ1970ዎቹ ያሳየው ማብራቱን ነው፣ አልብሬክት በ1989 ያመጣው ደግሞ ዝናቡ ስለሚዘገይ ዳመናው ይቆያል የሚለውን (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ይሄ ሞዴል ውስጥ ሲገባ አንዲት እኩልታ ነው። ለምሳሌ ሞሪሰን ሚባለው ሌላ የማይክሮፊዚክስ ስኪም ውስጥ የዳመና ውሃ ወደ ዝናብ ሚቀየርበት ፍጥነት በጠብታው ቁጥር ኔጌቲቭ 1.79 ፓወር ይባዛል። ቁጥሩን እጥፍ አርጊው፣ ፍጥነቱ ወደ 3.5 ጊዜ ገደማ ይቀንሳል። ቀላል ነገር አይደለም። እና 8 ቁጥር ቶምፕሰን ኤሮሶል የለውም ስትይ፣ የለውም ሳይሆን ኮዱ ውስጥ አንድ ቋሚ ቁጥር ተጽፎበታል፣ በኩብ ሴንቲሜትር 100 ጠብታ። ያ የባህር ዳመና ነው። እዛው ኮዱ ላይ አስተያየት አለ፣ ለየብስ 300 አድርጉት ይላል፣ ማንም ግን አያነበውም። ሞሪሰን ሲመጣ 250 ይዞ ነው ሚመጣው። ስለዚህ ሰዎች ቶምፕሰንና ሞሪሰንን አወዳድረን ይሄኛው በለጠ ብለው ወረቀት ሲያወጡ ካወዳደሩት ነገር አንዱ ክፍል ሳያውቁት ይሄ ቁጥር ነው።

ለአንቺ ርካሹ ሙከራ እሱ ነው፣ 8 ቁጥርን በ100፣ በ300፣ በ1000 ኮምፓይል አርገሽ ሦስቱንም በ3 ኪሎሜትር ራን አርጊ። ዝናቡ ለነዚህ ሦስት ካልተንቀሳቀሰ 28ም በጠብታ ቁጥር በኩል አያንቀሳቅሰውም።

አንድ ነገር ብቻ፣ አንዱ ተራራ ላይ ጨመረ አጠገቡ ቀነሰ ያልሽው ምናልባት ኤሮሶሉ እንኳን አይደለም። ነጎድጓድ በባህሪው ትንሽ ነገር ከነካሽው ቦታ ይቀይራል፣ ሙቀቱን በመቶኛ ዲግሪ ብትነኪው ያንኑ የመሰለ ካርታ ታገኛለሽ። መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየነካካሽ ለእያንዳንዱ ብዙ ራን ሰርተሽ አማካዩን ካላወዳደርሽ በአንድ ራን ልዩነት ምንም አትበዪ።


የገበሬ_ልጅ፦

እኔ የሞዴሉ ነገር አይገባኝም ግን ጥያቄ አለኝ። እኛ ጋ ሰው ዝናብ ሲጠፋ አንዴ ደን ተቆርጦ ነው ይላል አንዴ እሳተ ገሞራ ነው ይላል። በ2003 ሰኔ ኤርትራ በኩል ናብሮ የፈነዳ ጊዜ አመዱ ሰማዩን ሞልቶ በረራ ሁሉ ተሰርዞ ነበር፣ የዛን ዓመት ደግሞ ቦረናና ሶማሌ ላይ ከብቱ አለቀ። ያ አመድ አይደለም ዝናቡን የበላው? መልስ ያለው ሰው ካለ፣ ካልሆነም ዝም ብዬ አነባለሁ።


የጣና_ልጅ፦

ዳመና ቆጣሪ ዕድሜ ይስጥህ፣ አየሁት፣ ሬይንሲ እጅግ አብዛኛውን ይዞታል፣ ካይን ፍሪሽ ነው ምጠቀመው። ውስጠኛው 9 ኪሎሜትር ላይ እንኳን ሬይንኤንሲ ትርጉም ያለው ነገር ያሳየው ተራራው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ትንሿን ሳጥን በ3 ኪሎሜትር እሞክራለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ የሳተላይት ዳታ ወስጄ የአየሩን ብናኝ መጠን ከዝናቡ ጋር ሳገናኘው ብናኝ በበዛበት ሳምንት ዝናቡ አነስ ይላል፣ በጣም ጥርት ያለ ዝምድና ነው። ይሄንን ቴሲሱ ላይ ማስረጃ ብዬ ላስገባው?


አዋሽ_ማዶ፦

የጣና ልጅ ኧረ እንዳታስገቢው! ቢያንስ እንደዛ ብለሽ አታስገቢው። ዝናብ ራሱ ነው ብናኙን ሚያጥበው። ሐምሌ ላይ ጥሩ ዘንቦ ሲያባራ ከእንጦጦ ላይ ሆነሽ ከተማው ጥርት ብሎ ሚታየው ለምን ሆነና። ስለዚህ ዝናብ በበዛበት ሳምንት ብናኙ ያንሳል፣ አንቺ ደግሞ ከኋላ አንብበሽ ብናኝ ሲያንስ ዝናብ በዛ ትያለሽ። የባሰም አለ፣ ሳተላይቱ ሚያየው ዳመና በሌለበት ቦታ ብቻ ነው፣ ዳመና አጠገብ ደግሞ እርጥበቱ ከፍ ስለሚል ብናኙ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ብዙ መስሎ ይታያል። ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ የትኛው እንዳሸነፈ ራሱ አይታወቅም። በዚህ ዘርፍ ከታተሙት ወረቀቶች ስንቱ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

ዳመና ቆጣሪ ያለው በአብዛኛው ልክ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም፣ ነገሩን ሁሉ ሙቅ ዝናብ አርጎ ነው የተረከው። ደጋ ላይ ያለው ዳመና ሌላ ነው። አስቡት፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የክረምት ዳመና ስሩ ሲነሳ 3,000 ሜትር አልፎ ነው፣ እኛ አካባቢ ዜሮ ዲግሪ ሚገኘው 5,000 ሜትር ሳይሞላ ነው። ጠብታዎቹ በፈሳሽነት ተጋጭተው ሚያድጉበት ውፍረት ሁለት ኪሎሜትር ቢሆን ነው። ባህር ዳርቻ ያለ ዳመና ከዛ በእጥፍ ያገኛል። ስለዚህ እኛ ጋ ጠብታው ሳያድግ ቶሎ ቀዝቃዛው ክፍል ይገባል፣ ዝናባችን አብዛኛው በበረዶ በኩል ዞሮ ቀልጦ ነው ሚወርደው፣ ደጋው ላይ በረዶ እንዲያ ሚበዛውም ለዚህ ነው።

እዛ ላይ ደግሞ ጨዋታው ይቀየራል። ንጹህ የውሃ ጠብታ ዜሮ ስለደረሰ በረዶ አይሆንም፣ እስከ 38 ዲግሪ ከዜሮ በታች ውሃ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዛ በፊት በረዶ እንዲሆን ጠጣር ነገር ይፈልጋል፣ ከጎበዞቹ አንዱ የበረሃ አቧራ ነው፣ በተለይ ፌልድስፓር ሚባለው ማዕድን ያለበት፣ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ስራ ይጀምራል። እነዚህ ግን ብርቅ ናቸው፣ 20 ከዜሮ በታች ላይ በአንድ ሊትር አየር አንድ ያህል ተብሎ ነው ሚነገረው፣ ለጠብታ ሚሆኑት ደግሞ እዛው ሊትር ውስጥ መቶ ሺዎች ናቸው። ስለዚህ የአፋርና የቀይ ባህር አቧራና የማገዶ ጭስ ሞዴል ውስጥ አንድ ላይ "ኤሮሶል" ተብለው ቢጠሩም ስራቸው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል፣ ጭሱ ጠብታ ያበዛል ያሳንሳል፣ አቧራው ጠብታውን በረዶ ያረጋል። ቶምፕሰን 28 ይሄን አውቆ ሁለት ሳጥን ነው የሰጠው፣ ውሃ ወዳድና በረዶ ወዳድ። ጥሩ ነው፣ ግን የሚሞላው የአቧራና የጭስ ካርታ በፈረንጅ ከ2001 እስከ 2007 ከነበረ የሌላ ሞዴል ወርሃዊ አማካይ የተወሰደ ነው። የአምናው ሐምሌ አቧራ እዛ ውስጥ የለም፣ የመርካቶ ጭስም የለም፣ በወር አንድ ለስላሳ ካርታ ነው ያለሽ።

ሌላ የተረሳ ነገር፣ ጥላው። አቧራና ጥላሸት ዳመና ውስጥ ሳይገቡም ፀሐይ ይጋርዳሉ፣ መሬቱ ሳይሞቅ ይቆያል፣ ጥላሸት ደግሞ እላይ ራሱ ሙቀት ይውጥና ያንን ሽፋን ያሞቀዋል። ከታች ቀዝቀዝ ከላይ ሞቅ ሲል አየሩ አይነሳም፣ ከሰዓት ሚመጣው ነጎድጓድ ይዘገያል ወይ ይቀራል። ይሄኛው መንገድ ኩሙለስ ስኪም እንኳን ቢሆን ይሰማዋል፣ ምክንያቱም የሚያየው ሙቀቱን ነው። 28ን ከአርአርቲኤምጂ ራዲዬሽን (የፀሐይና የሙቀት ጨረሩን ሚያሰላው ክፍል) ጋር ካገናኘሽ ኤር ኦፕት 3 ሚለውን ካላበራሽ ብናኞችሽ ጥላ የላቸውም። የጣና ልጅ ይሄን እንዳጠፋሽው እገምታለሁ፣ ሲመጣ ጠፍቶ ነው ሚመጣው።

ስለ ምዕራቡ ሰደድ እሳት የጠየቅሽው፣ ጋምቤላ ቤኒሻንጉል ደቡብ ሱዳን ሚነደው በዋናነት በጋ ላይ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው፣ ያኔ ሚዘንብ ዳመና ራሱ የለም ስለዚህ ማንን ያፍናል። በኛ ክረምት ጊዜ ሚነደው ከምድር ወገብ በታች ነው፣ ኮንጎ ዛምቢያ አንጎላ፣ የዛ ጭስ አብዛኛው ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። ለክረምት ምፈራው አቧራውን ነው፣ ለበልግ ደግሞ ሁለቱንም።


ሳሊ_ዱባይ፦

እናንተ ልጆች ደስ ትላላችሁ እያነበብኩ ነው። እኔ ዱባይ ነኝ፣ ያን በ2024 ሚያዝያ የጎርፉን ቀን አሰሪዎቼ ቤት መኪናው ሁሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ሁሉም ሰው ዳመና ዘርተው ነው ያመጡት ነበር ሚለው እስካሁንም ይላሉ። እነሱም ሚረጩት ብናኝ ነው አይደል? እናንተ ብናኝ ሲበዛ ዝናብ ይታፈናል እያላችሁ እነሱ ታዲያ ብናኝ ረጭተው እንዴት ያዘንባሉ አልገባኝም።


ዳመና_ቆጣሪ፦

ሳሊ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ በብናኙ ትልቅነትና ትንሽነት ነው። ጭስ ማለት እጅግ ደቃቅ፣ እጅግ ብዙ ነው፣ ውሃውን ይበታትነዋል። ኤምሬቶች ከአውሮፕላን ሚለቁት ጨው ነው፣ ከጭሱ በጣም ተለቅ ያለ፣ ዓላማው ጥቂት ትላልቅ ጠብታ ፈጥሮ ትንንሾቹን እየለቀሙ እንዲወርዱ ነው። ቀዝቃዛ ዳመና ላይ ደግሞ ሲልቨር አዮዳይድ ይጠቀማሉ፣ እሱ አዋሽ ማዶ ያለውን የአቧራ ስራ ነው ሚሰራው፣ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች አካባቢ ጀምሮ ጠብታውን በረዶ ያረጋል። አሜሪካ አይዳሆ ላይ በፈረንጅ 2017 ጥር አውሮፕላኑ እየተመላለሰ በረጨበት መስመር ልክ በራዳር ላይ የበረዶ መስመር ተሰርቶ ታይቷል፣ ስለዚህ ፊዚክሱ ይሰራል። የሚሰራው ግን እርጥበት ያለው ዳመና ቀድሞ ካለ ነው፣ ሚጨምረውም ትንሽ ነው።

የዛን ቀን ሚያዝያ 16 በፈረንጅ፣ አል አይን ኸትም አል ሸክላ ሚባል ቦታ ከ24 ሰዓት ባነሰ 254 ሚሊሜትር ነው የወረደው፣ መመዝገብ ከተጀመረ ከ1949 ወዲህ ትልቁ። ያንን ሚያመጣ አውሮፕላን የለም። የአየር ጠባይ ማዕከላቸው በማዕበሉ ጊዜ አልዘራንም ብሏል፣ እሱን እንኳን አላምንም ብትይ ኦማንም ያው ማዕበል ነው የመታት፣ ተማሪዎች ጭምር ሞተውባታል። ለኔ ከሁሉም በላይ ሚያሳምነኝ ሞዴሎቹ ናቸው፣ ከባድ ዝናብ ይመጣል ብለው ከቀናት በፊት አሳይተዋል፣ ሞዴሎቹ ውስጥ ደግሞ የማንም ሀገር የዳመና ዘር ፕሮግራም አልተጻፈም። ያለ እሱ ዝናቡ ከመጣ እሱ ምን ሰራ?

እኛም ሀገር በኛ አቆጣጠር በ2013 ምሥራቅ ጎጃምና ሰሜን ሸዋ ላይ ተሞከረ ተብሎ ነበር። ያኔም የጠየቅኩት አሁንም ምጠይቀው አንድ ነው፣ ባይረጭ ስንት ይዘንብ ነበር? ለሱ መልስ ሚሰጠው ተረጭቶ እና ሳይረጭ ቀን በዕጣ ተመርጦ ለረጅም ጊዜ ሲለካ ነው።


የድሮ_ትንበያ፦

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ካርታ በእርሳስ ስንስል የነበርን ነን፣ ያው ዎርፍ ምናምኑ ከኛ በኋላ ነው የመጣው። የገበሬ ልጅ የጠየቀው ሳይመለስ ቀረ ብዬ ነው።

ልጄ የናብሮ ነገር ጊዜውን ተመልከተው። ናብሮ የፈነዳው ሰኔ 2003 ላይ ነው። ያን ዓመት ቦረናና ሶማሌ ላይ የቀሩት ዝናቦች ሁለት ናቸው፣ አንዱ የጥቅምትና የኅዳሩ፣ ሶማሌዎች ዴይር የሚሉት፣ ሌላው የጸደዩ ጉ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው። ሁለቱም እሳተ ገሞራው ሳይፈነዳ አልቀዋል። ያንን ያመጣው የፓስፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ፣ ላኒና የሚባለው ነው። አመድ ደግሞ ከባድ ስለሆነ በቀናት ይወርዳል፣ የሚቆየው ድኝ ጋዙ ነው፣ እሱ ከዳመና በላይ ወጥቶ ወደ ሰልፌት ተቀይሮ ወራት ይቆያል።

ነገር ግን የሀሳብህ መነሻ ከንቱ አይደለም። ከ1900 እስከ 2010 በፈረንጅ ባለው ጊዜ ሳህል (ከሰሃራ በታች ያለው ደረቅ ቀበቶ) ላይ ከታዩት አራት እጅግ ደረቅ ክረምቶች ሦስቱ የመጡት ሰሜኑ ክፍለ ዓለም ላይ ትልቅ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ ነው። የሜክሲኮው ኤል ቺቾን በ1982 አንዱ ነው። ለምን ቢሉ፣ ሰልፌቱ ሰሜኑን ብቻ ሲያቀዘቅዘው የዝናቡ ቀበቶ ወደ ሞቀው ወደ ደቡብ ይሸሻል። የኛ ክረምት ደግሞ የዚያ ቀበቶ ወደ ሰሜን መውጣት ነው፣ እሱ ካልወጣ ክረምቱ ይሳሳል።

እኔን ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ሌላው ነው። በፈረንጅ 1960ዎቹና 70ዎቹ አውሮፓና አሜሪካ ፋብሪካና የከሰል ጣቢያቸው የሚተፋው ድኝ እንደዚያው ሰሜኑን ጋርዶት ነበር። በፈረንጅ 2002 ሁለት ተመራማሪዎች ሮትስታይንና ሎማን ሞዴል ውስጥ ይህ ብናኝ ዳመናውን ሲያበራው ሳህል ይደርቃል ብለው አሳዩ፣ በ2021 የወጣው የአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ፓነል) ሪፖርትም የሰው ሠራሽ ብናኝ ለዚያ ድርቅ ድርሻ እንዳለው ተቀብሎታል። የ77ቱን ረሃብ ጦርነቱና ፖሊሲው እንዳባባሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ ያንን ለማድበስበስ አይደለም። ዝናቡ ግን ለምን ተከታትሎ ቀረ ለሚለው ከፊሉ መልስ ከሩቅ ጭስ ማውጫ ነው። እኛ ያኔ ከብቱ በዛ ደኑ አለቀ እየተባልን ነበር የምንወቀሰው።


አዋሽ_ማዶ፦

ጋሼ ይኑሩልን፣ እንዲህ ሲጽፉ ነው ሚያምረው። እዛው ላይ ልጨምር፣ ብናኝ ዳመና ላይ ሚሰራውን ስራ በዓይን ማየት ሚፈልግ ሰው ሳተላይት ላይ የመርከብ ዱካ ይፈልግ፣ ሰሜን ፓስፊክ ላይ መርከቦቹ ባለፉበት ዳመናው ላይ ነጭ መስመር ተሰምሮ ይታያል። ከ2020 ጥር ጀምሮ የመርከብ ነዳጅ ድኝ ከ3.5 ወደ 0.5 ፐርሰንት እንዲወርድ ሲታዘዝ መስመሮቹ በጣም ቀነሱ። ስለዚህ ማብራቱ ላይ ክርክር የለም። ዝናቡ ላይ ነው ክርክሩ፣ በተለይ ያ ብናኝ ነጎድጓድን ያጠነክራል ሚለው ሐሳብ። ሐሳቡ ጠብታው ሳይዘንብ ወደ ላይ ወጥቶ በረዶ ሲሆን ተጨማሪ ሙቀት ይለቅና ዳመናውን ይገፋዋል ነው። ግን ያ ሁሉ ውሃ ሽቅብ መሸከም አለበት፣ ክብደቱ ያገኘውን ጉልበት ይበላዋል። እኔ በግሌ የተጋነነ ነው ባይ ነኝ፣ ዳመና ቆጣሪ ምን ትላለህ?


ዳመና_ቆጣሪ፦

ተጋኗል፣ እዚህ ላይ አንጣላም። ዳመና አንዱን ስትነኪው በሌላ ያካክሳል፣ እዚህ ሳይዘንብ የቀረው ውሃ ቀጥሎ ያለው ሸንተረር ላይ ይዘንባል። ለዛ ነው የሰፊ አካባቢ ድምር ላይ ብዙ ማይታየው፣ ግን ከተራራው በዚህ ወይ በዛ ማዶ ለሚለው ለውጥ ያመጣል። የጣና ልጅ ያንቺም ችግር እኮ ይሄው ነው፣ ጮቄ ላይ በዝቶ በረሃው ላይ አንሶ። ስለዚህ የ100፣ 300፣ 1000ውን ሙከራ ስትሰሪ የአካባቢውን አማካይ አትዪ፣ ከምዕራቡ ጥግ እስከ አባይ ሸለቆ አንድ መስመር ቁረጪና ዝናቡ መስመሩ ላይ ወዴት እንደተንሸራተተ እዪ። ጠብታው ሲያንስ ዝናቡ ዘግይቶ ስለሚወርድ ነፋሱ ወደሚሄድበት ትንሽ መግፋት አለበት።


የጣና_ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርሶንም። ኤር ኦፕቱ እውነትም ጠፍቶ ነው የነበረው። የመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ 28ን በ3 ኪሎሜትር ስደግመው ያ ወርሃዊ የኤሮሶል ካርታ በትክክል መግባቱን በምን አውቃለሁ? ኔምሊስቱ (የሞዴሉ ማዘዣ ፋይል) ላይ ዩዝ ኤሮ አይሲቢሲን ትሩ አርጌዋለሁ፣ ኤረር አላመጣም።


ዳመና_ቆጣሪ፦

ኤረር አለማምጣቱ አያጽናናሽ። ትሩ ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ ደብሊውፒኤስ (ለዎርፍ ዳታ ሚያዘጋጀው ፕሮግራም) ላይ ሜትግሪድ ስታረጊ የወርሃዊውን ፋይል ስም ኮንስታንትስ ኔም ሚለው ቦታ ላይ መስጠት አለብሽ፣ ዎርፉ ላይ ደግሞ ዊፍ ኢንፑት ኦፕት 1 እና የሌቭሉን ቁጥር 30። ዳታውን ካጣ ሞዴሉ ከራሱ ፈጥሮ ከታች ወደ ላይ ሚቀንስ ፕሮፋይል ይሞላና ዝም ብሎ ይቀጥላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ፋይል ክፈቺና ውሃ ወዳዱን ተለዋዋጭ የታችኛው ሌቭል ላይ ካርታ አርጊው። ከመተማ እስከ ደሴ የመሬቱን ከፍታ ብቻ ተከትሎ ሚቀያየር ከሆነ ፋይሉ ሳይገባ አልቀረም፣ ሜትግሪዱን ድገሚው።